ጸጥረጭ የተናገረችበት ቀን

እኔን በሥራ ቦታ ሬዲዮ ነው የሚሉኝ። ማሽኑ እየጮኸም አፌ ስለማያርፍ ነው፤ አልከፋም፣ እውነት ነው። እሷን ደግሞ ጸጥረጭ ይሏታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

የምንሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። አራት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አንድ ረጅም የካውያ ጠረጴዛ፣ ከላይ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ በጋሪ ተቆልሎ የሚወርድ አንሶላ። ደም ያለበት ለብቻ፣ ደም የሌለበት ለብቻ። በረኪናው ዓይን ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ልብ ያደርቃል። እዚያ አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ጸጥረጭ ከእኔ በፊት አምስት ዓመት ቆይታለች። አንሶላ ስታጥፍ ማዕዘኑ ከማዕዘኑ ጋር በክር የተለካ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ኃላፊ ሁኚ ተብላ ሁለት ጊዜም "እኔ ለዚህ አልሆንም" ብላ መለሰች። የዓመት ፈቃድ አትወጣም። ሠርግም ይሁን ልደት ብንጠራት ስጦታ ትልካለች እንጂ አትመጣም።

"ምነው እቴ፣ ደስታ ይነክሳል እንዴ?" እላታለሁ።

"አይ፣ ለእናንተ ነው የሚያምረው" ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ነበራት። እሑድ ከሰዓት በኋላ መስማት የማይችሉ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠች በእጅ የሚነገረውን ቋንቋ ቀስ በቀስ አቀላጥፋ ተምራለች። ከዘመዶቿ ማን እንደማይሰማ ጠየቅኳት።

"ማንም" አለችኝ።

እኔ ያላመንኩትን ነገር ውጬ መቀመጥ ስለማልችል ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅኳት። እንደ ድንጋይ ጸናችብኝ። ተውኳት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከማዋለጃ ክፍል አንዲት ወጣት አዋላጅ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

"እዚህ የእጅ ቋንቋ የሚችል ሠራተኛ አለ ብለውኝ ነው" አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ከላይ አንዲት ወላድ ምጥ ላይ ናት፤ አትሰማም። ባሏም አይሰማም። የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ነው። "ቆይ፣ አትግፊ" ቢሏት አይገባትም፤ በወረቀት ጽፈው ቢያሳዩአት በምጥ መሀል ማን ያነባል?

እኔ ጣቴን ወደ ጸጥረጭ ቀሰርኩ። ፊቷ አመድ መሰለ።

"እኔ ወደዚያ አልገባም" አለች።

"እባክዎ እትዬ፣ ሌላ ሰው የለኝም" አለቻት አዋላጇ።

"የሰው ነፍስ እየወጣች አንቺ ታኮርፊያለሽ?" አልኳት እኔ። እንዲህ ማለቴን በኋላ ብዙ ጊዜ ተጸጽቼበታለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ምንም አላውቅም ነበር። ጸጥረጭ ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ተከትላት ወጣች።

ላይ የሆነውን የነገረችኝ አዋላጇ ናት። ባልየው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጸጥረጭ ወላዷ ደህና አድርጋ በምታያት በኩል፣ ከራስጌዋ ጎን ቆመችና እጆቿን አንቀሳቀሰች። ያቺ ልጅ ከባሏ በቀር በሚገባት ቋንቋ የሚያናግራት ሰው ከጠዋት ጀምሮ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና እንባዋ ወረደ። በግራ ጎንሽ ተኚ። አሁን አትግፊ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ እስኪያላቅቁት ታገሺ። ተንፍሺ። አሁን ግፊ። ከአንድ ሰዓት በላይ በዚህ ሁኔታ ቆዩ። አዋላጇ እጇን ስትዘረጋ የእትብቱ መቆንጠጫ ስሙ ሳይጠራ መዳፏ ላይ ተቀምጧል። ዞር ብላ ጸጥረጭን አየቻት።

"እርስዎ ልብስ አጣቢ ብቻ አይደሉም" አለቻት።

ጸጥረጭ ዓይኗን ከወላዷ አልነቀለችም። ሕፃኗ ተወለደች፣ ትንሽ ዘገየችና አለቀሰች። እናቷ ግን አልሰማችም፤ የሁሉንም ፊት እያፈራረቀች ታያለች። ጸጥረጭ በእጇ "እያለቀሰች ነው፣ ድምፅዋ ትልቅ ነው" አለቻት።

ከሰዓት በኋላ የወላዷ እናት ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ደረሰች። በሩን ከፍታ "ልጄስ? ልጄ የት አለች?" አለች። ጸጥረጭ ጀርባዋን ሰጥታ ትራስ እያስተካከለች ነበር፤ ፊቷን ሳታይ በድምፅዋ ብቻ ዐወቀቻት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ያው ድምፅ "ሲስተር፣ ልጄን ስጠራት ለምንድነው የማትዞረው?" ብሎ ጠይቋታል።

አዋላጇ ማን እንደረዳቸው ስትነግራት ሴትየዋ ሁለቱንም የጸጥረጭን እጆች ይዛ ሳመቻቸው።

"እነዚህ እጆች ይባረኩ፣ እህቴ። ክፉ አይንካቸው።"

ጸጥረጭ ወደ ምድር ቤት ስትመለስ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸዋለች፤ የተቃጠሉ መስለውኝ ቅባት ልፈልግ ተነሥቼ ነበር።

"ማሽኑን አጥፊልኝ" አለችኝ። "ልነግርሽ ነው።"

አጠፋሁት።

ነርስ ነበረች። በሌላ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አሥር ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን የአራት ዓመት ሕፃን በማጅራት ገትር ታማ ገባች። ሐኪሙ መርፌ አዘዘላት፤ መጠኑ ላይ በሁለት ቁጥሮች መሀል አንዲት ነጥብ ነበረች። ጸጥረጭ ነጥቧን አላየቻትም። የዚያን ዕለት ለሠላሳ አልጋ እሷ ብቻዋን ነበረች፤ ይህንን ግን ጠይቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ እሷ እንደ ማመካኛ አላቀረበችውም። ለአንድ ቀን ተኩል ሕፃኗ የተወጋችው ከታዘዘላት አሥር እጥፍ ነበር። በሁለተኛው ቀን ካርዱን ደግማ ስታነብ ነጥቧ ዓይኗ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ መጠኑን አስተካከለች፤ ለሐኪሙ ግን አልነገረችውም። የሰጠችውን የመዘገበችበትን ገጽ ቀደደችና በሌላ ገጽ፣ በትክክለኛው መጠን፣ በራሷ እጅ ጽፋ ተካችው።

ሕፃኗ ከሞት ተረፈች። በሳምንቱ እናቷ ከበስተኋላዋ ስትጠራት አልዞረችም። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ "በሽታው ነው፣ ማጅራት ገትር ጆሮ ይወስዳል" አለ። እውነትም ይወስዳል። ያ መርፌም ከመጠን ሲያልፍ ይወስዳል። የትኛው እንደሆነ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ጸጥረጭ ከሦስት ወር በኋላ ወገቤን አሞኛል ብላ ሥራዋን ለቀቀች። ከተማ ቀየረች። መርፌ ወደማይደርስበት ወደ እኛ ምድር ቤት ወረደች።

"ዛሬ እጄን ሳመችው" አለችኝ። "ያንኑ እጄን።"

"ተነሺ፣ አባ ጋ እንሂድ" አልኳት።

አባ የሆስፒታሉ ቄስ ናቸው። ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ሁለት ወንበር ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሽተኛ ሲጎበኙ ከበሽተኛው በላይ የሚያቃስቱት እሳቸው ናቸው። ወንበሩን ለሷ ለቅቄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልውጣ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

"ያው ነው?" አሏት ገና ከመቀመጧ።

"ያው ነው አባ።"

"ስንት ጊዜ ተናዘዝሽልኝ?"

"በየዓመቱ።"

"እኔስ ምን አልኩሽ?"

"እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል አሉኝ።"

"አላመንሽኝም።"

"እርስዎንስ አምኛለሁ። ለእኔ የተባለ ስላልመሰለኝ ነው።"

አባ ጉልበታቸውን አሹ። "ልጄ" አሉ በኋላ፣ "እሱ የፈታውን አንቺ መልሰሽ ታስሪያለሽ። አሥራ ሰባት ዓመት ምድር ቤት ገብተሽ ራስሽን ስትቀጪ፣ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ያደረገው አልበቃም፣ እኔ ልጨምርበት እያልሽ ነው። ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ትሕትና ግን አይደለም።"

"ዛሬ እናቲቱን አገኘኋት፣ አባ። ልጅቷንም። ላይ ወልዳ ተኝታለች።"

አባ ማሻሸታቸውን አቆሙ። "እስከ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም ትይኝ ነበር። እንግዲህ አሁን ታውቂያለሽ።"

"ደስታቸውን ላፍርሰው? ገና ዛሬ መውለዷ ነው።"

"ዛሬ አላልኩሽም። መጀመሪያ ለምን እንደምትነግሪያቸው መርምሪ። ሸክምሽን አውርደሽ እነሱ ላይ ለመጫን ከሆነ ይቅርብሽ፣ እኔ እበቃሻለሁ። እውነቱ የእነሱ ስለሆነ፣ የሰው ነገር ይዘሽ ስለተቀመጥሽ ከሆነ ግን መልሺላቸው። ደግሞ ይቅር ይሉኛል ብለሽ አትሂጂ። እሱ የእነሱ ፈንታ ነው።"

"ይቅር ባይሉኝስ?"

"ባይሉሽም እግዚአብሔር ብሎሻል። ይህን ብቻ ይዘሽ ግቢ። ሌላ የምትይዥው የለም።"

ሁለት ቀን አልተናገረችም። እኔም እሷን ላለማስጨነቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ ዋልኩ፤ የካውያ ክፍል ሰዎች ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሐሙስ ጠዋት ወላዷ ልትወጣ መሆኑን ሰማን። ጸጥረጭ "አሁን ነው" አለች። እኔ ንጹሕ አንሶላ በጋሪ ጭኜ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ተከተልኳት።

ሕፃኗ ተኝታለች። ባልየው መኪና ሊፈልግ ወጥቷል። አያትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃኗን ፎጣዎች ታጣጥፋለች፤ ስታየን ፊቷ በራ። ጸጥረጭ እናትም ልጅም በሚያዩአት ቦታ ቆመችና በአፏም በእጇም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረች፤ አንዷ ከሌላዋ ቀድማ እንዳትሰማ። የዚያ ሆስፒታል ነርስ እኔ ነበርኩ አለች። ነጥቧን ነገረቻቸው። ገጹን መቅደዷን ነገረቻቸው። "ሐኪሙ በሽታው ነው ያላችሁ እኔ የጻፍኩትን ውሸት አንብቦ ነው" አለች። አላለሳለሰችውም፣ አላለቀሰችምም። ልቅሶው እንዲያዝኑልኝ ያደርጋቸዋል ብላ ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ስታስጠነቅቅ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

አያትየው ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የጸጥረጭን ፊት መረመረች።

"አሁን ዐወቅሁሽ" አለች። "ብርቱካን ትልጪላት ነበር። ሲስተር ብርቱካን ትልሽ ነበር ልጄ፣ አፏ ገና ሳይዘጋ።" ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። "እኔ እኮ የመጀመሪያውን ሌሊት ትኩሳቷን በውኃ እያበረድኩ ቤት አሳድሬያታለሁ። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ፣ ቶሎ ብትወስጃት ኖሮ ይለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን ያደነቆርኳት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።"

ይህን ጸጥረጭ አላሰበችውም ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያሰበችው ስለ ልጅቷ ጆሮ ነው፤ እናት በሌላ ከተማ ተቀምጣ የሷን ጥፋት ተሸክማ ትኖራለች ብላ አንድም ቀን አላሰበችም።

ልጅቷ አልጋውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። እናቷ ከልጇ ጋር በእጅ መነጋገር ታውቃለች፣ ያን ሰዓት ግን ረስታው ነበር። ልጅቷ "እናቴ ምን አለች?" ብላ የጠየቀችው ጸጥረጭን ነው። ጸጥረጭም አንድ ቃል ሳታስቀር፣ አባቷ ይለው የነበረውን፣ ሌሊቱን፣ ዓመታቱን፣ በራሷ እጆች ለልጅቷ ነገረቻት። እኔ ጋሪዬን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ጸጥረጭ ወደ አያትየው ዞረች። "በጊዜ ነው የመጣሽው" አለቻት። "ሐኪሙ ካርዱ ላይ በጊዜ ደርሳለች ብሎ ጽፎ ነበር፤ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። በሽታው ይሁን መርፌው አላውቅም። አንቺ ግን አልነበርሽም።"

"ይህቺን ቃል ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች አያትየው። ከዚያም "ውጪልኝ። እባክሽ ውጪልኝ" አለች።

ጸጥረጭ ወደ በሩ ስትዞር ልጅቷ እጇን አነሣች፣ ቆይ ለማለት። ሁለቱ ትንሽ ተነጋገሩ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው የጠየቅኳት።

"ይህን ቋንቋ የተማርሽው ስለ እኔ ነው ወይ አለችኝ" አለች ጸጥረጭ። "አዎ አልኳት። ጥሩ ትናገሪያለሽ አለችኝ። እኔ መስማት ምን እንደሚመስል አላስታውስም፣ ስለሱ የምታለቅሰው እናቴ ናት፤ መልሱን ከእሷ ጠብቂ አለችኝ።" ጥቂት ሄደችና ቆመች። "ልጄ በሕይወት ያለችው አንቺ ስለመጣሽ ነው፣ ይህንንም አብረሽ አስቢው አለችኝ።"

ጸጥረጭ እዚያ ላይ አላቆመችም። ወደ ድሮው ሆስፒታልና ወደ ነርሶች ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ በራሷ እጅ፣ ሊፋቅና ሊቀየር በማይችል ቀለም። ሲጠሯት ሳሙናና ፎጣ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በትንሽ ቦርሳ ይዛ ሄደች፤ የሚያስሯት መስሏት ነው። ሦስት ሰዎች አነጋገሯት። ካርዱ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፣ ሐኪሙም ሞቷል። የጽሑፍ ወቀሳ ሰጧት። የፈቃዷ ጊዜ ድሮ ማለፉን፣ መመለስ ከፈለገች ግን አንድ ዓመት ተምራ መፈተን እንደምትችል ነገሯት። ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች።

"ትመለሻለሽ?" አልኳት።

"ገና እናትየው አልመለሰችልኝም" አለች።

"አባ ምን አሉሽ? እሷን መጠበቅ ሌላ፣ ራስን ማሰር ሌላ።"

"አንቺ ደግሞ ቄስ ሆንሽ" አለችኝ። ፈገግ ስትል ግን አየኋት።

ሁለት ወር አለፈ። ሕፃኗ ክትባት የምትወስድበት ቀን ነበር መሰለኝ፣ አያትየው ሕፃኗን ታቅፋ ብቻዋን ወደ ምድር ቤት ወረደች። ማሽኖቹ ይጮኻሉ። እኔ ሳልጠየቅ ሁለቱን አጠፋሁ።

"ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አይደለም የመጣሁት" አለቻት።

"እሺ" አለች ጸጥረጭ።

"እየጸለይኩ ነው። አንዳንድ ቀን ይቅር ብዬሽ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሣ የለም። አምላኬን ደግሞ ማታለል አልችልም። ያለኝን ያህል እየሰጠሁት ነው።" ሕፃኗን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። "ግን የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ቤት ያሳደርኳትን... ያን ሌሊት አሁን ሳስበው አልታመምም። ይህን ልነግርሽ ይገባኛል ብዬ ነው።"

ጸጥረጭ ራሷን ነቀነቀች።

"የክትባት ካርዷን የት አደረግሁት?" አለች አያትየው ቦርሳዋን እየዳበሰች። "እስቲ ያዣት።" ሕፃኗን ሰጠቻት። ካርዱ እስኪገኝ ድረስ፣ ምናልባት አምስት ደቂቃ ይሆናል፣ ጸጥረጭ ሕፃኗን ታቅፋ በአንሶላዎቹ መሀል ቆመች። አያትየው ካርዱን ቶሎ አግኝታው ዝም ያለች ይመስለኛል፤ አላረጋገጥኩም።

በማግስቱ ጸጥረጭ አባ ጋ ሄደች። የተናገሩትን አልሰማሁም፤ ስትወጣ ግን የትምህርት ቤቱን ማመልከቻ በእጇ ይዛለች። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጣ ተማረች፤ የአዲሱን መድኃኒት ስም እኔ እየጠየቅኳት በካውያ ጠረጴዛ ላይ ታጠና ነበር። ፈተናውን አለፈች። ማዋለጃ ክፍል መደቧት። መርፌ ስታዘጋጅ አሁንም መጠኑን ሦስት ጊዜ ታነባለች፣ ከዚያም ሌላ ነርስ ጠርታ ታስነብባለች፤ ወጣቶቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፣ በኋላ ግን እነሱም ለመዱት። መስማት የማትችል ወላድ ስትመጣ ከየትም ይጠሯታል።

ባለፈው እሑድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ልንሻገር ስንል፣ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

"ረሳሁት" አለች።

"ምኑን? ጃንጥላሽን?"

"ስጸልይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማነሣው ያንን ጥፋቴን ነበር። ዛሬ እግሯ ስላበጠ ስለ አንዲት ወላድ ለመንኩ፣ ስለ ልጅቷና ስለ እናቷ ለመንኩ፣ ስለ ሳልሽ ለመንኩ፣ አሜን ብዬ ተነሣሁ። ትዝ ያለኝ አሁን ነው።"

ፊቷ ላይ ድንጋጤ ነበረበት፤ አደራ የተሰጣትን ዕቃ ጥላ የመጣች ትመስላለች።

"ተመልሼ ልንገረው ይሆን?" አለችኝ።

"ያውቀዋል" አልኳት።

መኪኖቹ እስኪያልፉ ቆማ አሰበችበት። ከዚያ ክንዴን ሳትለቅ ተሻገርን።